ከዓይኔ ሥር ያለው ጥቁረት አልለቅ አለኝ፣ ክሬም ልገዛ ነው፤ የሞከራችሁት ካለ ቶሎ ንገሩኝ

የገርጂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። 27 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነው የምውለው። ከዓይኔ ሥር ያለው ጥቁረት ከዓመት ወዲህ በጣም ባሰብኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ "ምነው አሞሻል እንዴ?" ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ብራቸውን ቆጥሬ ስሰጣቸው እጄን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ ቤት ውስጥ የሚያስለቅስሽ ሰው አለ?" አሉኝ። ማንም አላስለቀሰኝም። ግን ያን ቀን እውነትም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

የሞከርኩት፦ ኪያር ለ2 ሳምንት፣ ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ማንኪያ፣ የለውዝ ዘይት። ለግማሽ ሰዓት ቀለል ይላል፣ ከዚያ ያው ነው። እንቅልፍ ነው እንዳትሉኝ፣ ማታ 5 ሰዓት ተኝቼ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የምነሳው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሎሚና ማር ቀቢ አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ በትንሽ ነጭ ዕቃ የሚሸጥ ክሬም አሳየችኝ፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም፣ እሷ ፊቷ ላይ ተጠቅማው በ10 ቀን ቀልቷል። ቅዳሜ ላመጣልሽ ብላኛለች። ከዚያ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ።

ቡናና_ወሬ
ሎሚና ማር እኔ ለብጉር ጠባሳ ተጠቅሜ ጥሩ ነበር። ማታ ማታ 15 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ መታጠብ። ተፈጥሯዊ ስለሆነ የሚጎዳ ነገር የለውም።

አዳማ_ላይ
አረ በናትሽ ሎሚ አትቀቢ! እኔ እዚሁ አዳማ ጠዋት ቀብቼ ታጥቤ ነው ፀሐይ ላይ የወጣሁት። በማግሥቱ አቃጠለኝ፣ ቀላ፣ ከዚያ ቆዳዬ ተላጠና ከበፊቱ ብሶ ጠቆረ። የበፊቱ ጥቁረት ላይ ሌላ ጥቁረት ጨመርኩበት። እስኪለቅ 4 ወር ፈጀብኝ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል፣ ይህን ያወቅኩት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። ተፈጥሯዊ ነው የሚባለው ነገር አያታልልሽ፣ ሳማም ተፈጥሯዊ ነው።

ፋርማሲ_ውስጥ
እህቴ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ፋርማሲስት ነኝ፣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ነገር በየሳምንቱ ነው የምጠየቀው።

ጽሑፍ የሌለው ክሬም በፍጹም እንዳትገዢ። በ10 ቀን ፊት የሚያቀላ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ አለ፦ ጠንካራ ስቴሮይድ (ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል)፣ ሃይድሮኪኖን (የቆዳ ቀለም የሚያነጣ ኬሚካል)፣ ወይም ሜርኩሪ። አንዳንዴ ተቀላቅለው ነው ያሉት። ስቴሮይድ መድኃኒት ነው፣ ለችፌና ለመሳሰለው ሐኪም ሲያዘው ጥሩ ነው፣ እኔም በየቀኑ እሸጣለሁ። ነገር ግን ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ ከሚባለው ነው። እዚያ ላይ ለወራት ስቴሮይድ ሲቀባ ይበልጥ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ይበልጥ ይታያሉ። ማለትም ሊያጠፉት የፈለጉት ነገር ይብሳል። ከዚያ ደግሞ ወደ ዓይን እየገባ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ ግላኮማ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ሜርኩሪው ደግሞ ኩላሊት ነው የሚጎዳው።

ጓደኛሽ አሁን ስለቀላች ደስ ብሏት ይሆናል። አትቆጫት፣ ግን ለረጅም ጊዜ ተጠቅማ ከሆነ በአንድ ቀን እንዳታቆመው ንገሪያት፣ ፊቷ ሊቆጣ ይችላል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድና ቀስ በቀስ ያስተዋት።

ውበት_በእጅሽ
እኔ ጋ ኦርጂናል አለ፣ በ7 ቀን ውጤት። ኢንቦክስ።

ፋርማሲ_ውስጥ
@ውበት_በእጅሽ ምን ምን እንዳለበት እዚሁ ጻፊልን። የአምራቹን ስምና ማብቂያ ቀኑንም።

የወሎ_ልጅ
(እስካሁን መልስ የለም፣ ሁለት ቀን አለፈ።)

ወንድ ነኝ፣ ወንዶችም ይህ ነገር አለብን፣ ዝም ስለምንል ነው። እኔ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄጄ የተማርኩትን ልንገርሽ። አለርት ሆስፒታል ነው የሄድኩት፣ ወረፋው ረጅም ነው ግን ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ አስረዳኝ። በመስኮት ብርሃን መስተዋት ያዢ። ከዓይንሽ ሥር ያለውን ቆዳ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ጎን ወጠር አድርጊው። ቡናማው ቀለም እንዳለ ቆዳው ጋር አብሮ ከሄደ፣ ቆዳው ራሱ ቀለም ይዟል ማለት ነው። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ሲወጠር ይበልጥ ከጎላ፣ የሚታየው ከሥር ያለው ደም ሥር ነው። አገጭሽን ቀና አድርገሽ ብርሃን ፊትሽ ላይ ሲያርፍ ጥቁረቱ ከጠፋ ደግሞ፣ ጥላ ነው፣ ቦታው ስርጉድ ብሎ ወይም ከላዩ ያለው አብጦ ጥላ ጥሎበት ነው።

የእኔ ቀለም ነው። አባቴም አለበት፣ አያቴም ነበረባቸው፣ የደሴ ፎቶ ቤት የተነሱት አሮጌ ፎቶ ላይ ሳይቀር ይታያል። ሐኪሙ "ይህ የቤተሰብህ መልክ ነው፣ ልናቀለው እንችላለን፣ ልናጠፋው ግን አንችልም" አለኝ። ያን ቀን ነው ያረፍኩት። ስንት ዓመት ሙሉ በሽታ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

ቡናና_ወሬ
@አዳማ_ላይ ይቅርታ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ማታ ብቻ ስለተጠቀምኩ ዕድለኛ ሆኜ ነው ለካ። ምክሬን አንስቻለሁ።

ላብራቶሪ_ልጅ
የገርጂዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ይመታል? ትደክሚያለሽ? ፀጉርሽ ይነቀላል? የወር አበባሽ ብዙ ነው? በረዶ ወይም አፈር መብላት ያምርሻል? ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ትጠጫለሽ?

ይህን የምለው በየቀኑ የማየው ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 ከመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው። ከአራት አንዷ በይው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ፊቱ ይገረጣል፣ ከዓይን ሥር ያለው ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። ዓይን ሥር የጠቆረ ሁሉ ደም የለውም ማለቴ አይደለም፣ እንደ የወሎ_ልጅ የቤተሰብ ሊሆንም ይችላል። ግን ምርመራው ቀላል ነው፣ ሲቢሲ በይያቸው፣ የደም ቆጠራ ነው፣ ሄሞግሎቢንሽን (ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል) ያያሉ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፣ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ለሚኖር ደግሞ መነሻው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ደም ጨምሮ ይሠራል። የሚቻል ከሆነ ፌሪቲንም አሠሪ፣ የተጠራቀመ ብረት እንዳለሽ የሚያሳየው እሱ ነው።

ሳትመረመሪ ግን የብረት ክኒን ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ደም የሚያንሰው በወር አበባ ነው፣ በጨጓራ መድማት ነው፣ በሆድ ትል ነው፣ ወይስ በሌላ፣ ያ መታወቅ አለበት።

የገርጂዋ
@ላብራቶሪ_ልጅ ጥያቄዎችህን ሳነብ ደነገጥኩ። ደረጃ ላይ ልቤ ይመታል፣ እርጅና ነው እያልኩ እናቴ ጋ አወራ ነበር፣ በ27 ዓመቴ! ፀጉሬም ማበጠሪያው ላይ ነው የሚቀረው። የወር አበባዬ 7 ቀን ይቆያል። ቡና ደግሞ ቢሮ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ አለ፣ ሳልጠጣ የምውልበት ቀን የለም። የመስተዋቱንም ሞክሬዋለሁ፦ ግማሹ ከቆዳዬ ጋር ይሄዳል፣ ግማሹ ግን ሰማያዊ ነገር ነው። ሁለቱም አለብኝ ማለት ነው?

የወሎ_ልጅ
አዎ፣ የብዙ ሰው ድብልቅ ነው ብሎኛል ሐኪሙ።

እናት_የሦስት
ሰላም ልጆቼ። እኔ የምጽፈው ስለ ልጄ ነው፣ ለሌሎች እናቶች ይጠቅም ይሆናል። ሁለተኛው ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ሥር ጥቁር ብሎ ሰው ሁሉ "ልጁን አታበሉትም እንዴ" ይለኝ ነበር፣ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። በኋላ ሳስተውል ክረምቱ አልፎ አበባው ሲፈነዳ፣ ከዚያ ደግሞ ነፋሱና አቧራው ሲመጣ ነው የሚብስበት። ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ያሻል፣ አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ ይጠርጋል፣ ያስነጥሳል። ወሰድኩት፣ አለርጂ ነው አሉኝ። አለርጂ ሲኖር አፍንጫው ውስጥ ስለሚያብጥ ደሙ ከዓይን ሥር ይጠራቀማል፣ ማሻሸቱ ደግሞ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ እንደዚያ ነው ያስረዱኝ። የአለርጂ ሽሮፕና የዓይን ጠብታ አዘዙለት። እኔ በበኩሌ ምንጣፉን አነሳሁ፣ ትራሱን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ አጥባለሁ፣ ሲያሳክከው በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝ አድርግ እንጂ አትሽ እለዋለሁ። ዘንድሮ ፊቱ ሌላ ነው።

የዓይን ጠብታውን ግን ሐኪም ሳያይ ከሰፈር ሰው እየተዋሳችሁ አታድርጉ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለልጅ ዓይን አደገኛ ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ቡናና_ወሬ
እትዬ እናመሰግናለን። እኔም ዓይኔን የማሸት ልማድ አለኝ፣ ኮንታክት ሌንስ ሳወልቅ። ይህን አስቤው አላውቅም።

ጂዳ_ያለሁ
ሰላም እህቶቼ። እኔ ሳዑዲ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ እንቅልፍ ነው። ማዳም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የምትተኛው፣ እኔ ከእሷ በኋላ ዕቃ አጥቤ፣ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ረመዳን ሲሆን ከዚህም ይብሳል። ለእናቴ ቪዲዮ ስደውል ስልኩን ከፍ አድርጌ ነው የምይዘው ዓይኔን እንዳታይ። ክሬም አልጠይቅም። በዚህ ውስጥ ሆኜ ትንሽ እንኳን የሚረዳ ነገር ካለ ብቻ ንገሩኝ።

ፋርማሲ_ውስጥ
@ጂዳ_ያለሁ እህቴ፣ አይዞሽ። በእውነት እንቅልፍን የሚተካ ነገር የለም፣ ዋሽቼ ልነግርሽ አልችልም። የሚያቀሉ ነገሮች ግን አሉ። ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ 20 ደቂቃ እንኳን ጋደም የምትይበት ክፍተት ካገኘሽ አትለፊው። ጠዋት 2 የሻይ ቅጠል ከረጢት በሙቅ ውኃ ነክረሽ፣ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘሽ፣ ጨምቀሽ 10 ደቂቃ ዓይንሽ ላይ አድርጊ። ሻዩ ውስጥ ያለው ካፌይንና ቅዝቃዜው የደም ሥሩን ለጥቂት ሰዓት ያጠብበዋል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። በጀርባሽ ተኝተሽ ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ማታ ጨው የበዛበት ምግብ ጠዋት ዓይን ያሳብጣል። ኤሲው ቆዳ ስለሚያደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ማታ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ርካሽ ነው፣ አይጎዳም።

እናት_የሦስት
ልጄ፣ ስልኩን ለእናትሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢላት። እናት ፊትሽን ስትደብቂያት ነው የባሰ የምትጨነቀው። ከሆዴ ነው የምነግርሽ።

ዲሲ_ነዋሪ
ከአሜሪካ ነኝ፣ እዚህ ሰው ወዲያው ወደ መርፌና ወደ ሌዘር ነው የሚሮጠው፣ እኔም ሮጬ ነበር። ሌዘሩን ያደረገችልኝ ባለሙያ ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ልምድ አልነበራትም መሰለኝ፣ ከዓይኔ ሥር ለ6 ወር የጠቆረ ምልክት ነው ያተረፍኩት። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል፣ ያ ነው ነገሩ። ብጉርም ሲነካ፣ ትንኝም ስትነክሰን የሚጠቁረው ለዚያ ነው። ሌዘር የምታስቡ ካላችሁ ስንት ሐበሻ ወይም ጥቁር ሰው እንደሠሩ መጀመሪያ ጠይቁ። ስርጉዱን ለመሙላት በመርፌ የሚወጋው ፊለር ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ጥሩ ይሠራል፣ ግን በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል። ይህን በፀጉር ቤት ወንበር ላይ የሚደረግ ነገር አታድርጉት።

በመጨረሻ የረዳኝ ሰን ስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ነው፣ ተራ ነገር። ኤስፒኤፍ 30፣ ቡናማ ቀለም ያለበት። ከዓይን ሥርም ቀስ አድርጌ እቀባለሁ፣ መነጽርም አደርጋለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ከእኔ ይበልጥ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ይመስላል እንጂ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል።

የወሎ_ልጅ
ልክ ነው። እኔንም ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘኝ ሰን ስክሪን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ማታ የሚቀባ፣ ጥቁረቱን የሚያቀሉት ኒያሲናማይድና አዜላይክ አሲድ ያሉበት ክሬም የሰጠኝ። 3 ወር ሳይሞላ ለውጥ አትጠብቅ አለኝ። እውነቱን ነበር። በ2ኛው ወር ልጥለው ነበር።

ፋርማሲ_ውስጥ
ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት የቆዳ ቅባት) የምትጠቀሙ ሴቶች ደግሞ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ልጅ ለመውለድ እየሞከራችሁ ከሆነ ተዉት።

ሜካፕ_እጄ
እስኪለቅ ድረስ ለሥራ መሸፈን ለምትፈልጉ፦ ኮንሲለር (መሸፈኛው ሜካፕ) በቀጥታ ጥቁረት ላይ ሲደረግ አመድ ይመስላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ኮሬክተር በጣም በትንሹ፣ በቀለበት ጣት ነካ ነካ፣ ከዚያ በላዩ የቆዳሽን ቀለም ኮንሲለር። ብርቱካናማው ሰማያዊውን ያጠፋዋል። ጠየም ላልሽ ደማቅ ብርቱካን፣ ቀላ ላልሽ የኮክ ቀለም። ማታ ደግሞ በደንብ አጥቢው፣ በተለይ ኩል። የኩል ርዝራዥ ዓይን ሥር እየቀረ ጥቁረት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከገበያ የሚገዛው የድንጋይ ኩል አንዳንዱ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት፣ እኔ ለደንበኞቼ ከተውኩት ቆይቻለሁ፣ ለሕፃናት ደግሞ በጭራሽ።

ጅማ_ካምፓስ
ማንም ስላላነሳው ላንሳው። እኔ ጫት እቅም ነበር፣ ለፈተና ብዬ ነው የጀመርኩት። ሌሊቱን ሳልተኛ አድራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ፣ ምግብ የለም፣ ውኃ የለም፣ ሲጋራ አለ። ዓይኔ ጉድጓድ ገብቶ ነበር። ካቆምኩ 5 ወር ሆነኝ፣ የመጀመሪያው 2 ሳምንት ከባድ ነው፣ እንቅልፉ ራሱ በቅዠት የተሞላ ነው። አሁን ግን ሰው "ምን አገኘህ?" ይለኛል። ምንም አልቀባሁም።

የገርጂዋ
ከ10 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ክሬሙን አልገዛሁም። ተመረመርኩ፣ ሄሞግሎቢኔ 9.8 ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ "እስካሁን እንዴት ነው ሥራ የምትውዪው?" አለችኝ። የሰገራ ምርመራም አሠራችኝ፣ ትል የለም። ከወር አበባዬ ነው ብላ ለዚያም ወደ ማህፀን ሐኪም ላከችኝ። የብረት ክኒን ጀምሬያለሁ። @ላብራቶሪ_ልጅ እግዜር ይስጥህ፣ ሌላ ምን ልበል።

ጥያቄ፦ ክኒኑ ሆዴን ያደርቀዋል፣ ሰገራዬም ጠቆረ። ደግሞ ጾም እየመጣ ነው፣ 55 ቀን ሥጋ አልበላም። ምን ልሁን?

ላብራቶሪ_ልጅ
ጥቁር ሰገራ ከብረቱ ነው፣ አትደንግጪ። ለድርቀቱ ውኃ፣ ፓፓያ፣ ተልባ። ካልቻልሽው ሐኪሟን ንገሪያት፣ አንድ ቀን እያለፉ መውሰድም አለ፣ ግን ራስሽ አታቋርጪ። ክኒኑን በብርቱካን ጭማቂ ውሰጂ፣ ቫይታሚን ሲ ብረቱን እንዲገባ ይረዳዋል። ከቡናና ከሻይ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢቻል 2 ሰዓት አርቂው። ቡናውን ተዪ አልልሽም፣ ከምሳ አርቀሽ 9 ሰዓት ላይ ጠጪ።

ለጾሙ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ጤፍ እንጀራ ብዪ፣ ከጎኑ ቲማቲም በሎሚ። እዚህ ላይ ነው ሎሚው የሚጠቅመው፣ ሳህን ላይ። በደንብ የቦካ እንጀራ ደግሞ ብረቱን የሚይዘውን ነገር ቡኮው ስለሚሰብረው ይሻላል።

እናት_የሦስት
የንስሐ አባትሽንም አናግሪ ልጄ፣ ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

አዳማ_ላይ
ጓደኛሽስ? ክሬሙን ተወችው?

የገርጂዋ
የፋርማሲ_ውስጥን ጽሑፍ አነበብኩላት። መጀመሪያ ተቀየመች። ከ3 ቀን በኋላ ግን ራሷ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች እንደወጡ አሳየችኝ፣ በፋውንዴሽን ስትሸፍነው ነበር ለካ። ሐሙስ የቆዳ ሐኪም ጋ አብረን ነን።

ጂዳ_ያለሁ
የሻዩን ከረጢት አደረግኩት። ልጆቹም አዩኝና እኛም እንፈልጋለን ብለው ሦስታችን ተኝተን ነበር። ለእናቴም ስልኩን ዝቅ አድርጌ ደወልኩላት። ዓይኔን አየችው፣ አለቀሰች፣ ከዚያ መቼ ነው ኮንትራትሽ የሚያልቀው አለችኝ። 7 ወር ቀረኝ።

የገርጂዋ
ከ3 ወር ተኩል በኋላ። ሄሞግሎቢን 12.9። ክኒኑን ለተጠራቀመው ብረት 3 ወር ቀጥዪ ተብያለሁ። ደረጃ እየወጣሁ ስልክ አወራለሁ። ሰማያዊው ቀለም በጣም ቀንሷል፣ ቡናማው ግን አለ፣ የእናቴን ፎቶ አውጥቼ ሳይ እሷም በእኔ ዕድሜ ልክ እንደዚሁ ነበረች። በሰን ስክሪኑ እቀጥላለሁ። ያቺ እናት ደግሞ ትናንት መጥተው ነበር፣ ብሩን ተቀብለው ፊቴን ትንሽ አዩና "ተሻለሽ?" አሉኝ። ተሻለኝ አልኳቸው።